ጋቢናው የማን ነው? ሻንሲውስ?

መግቢያ

በዚህ ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን አንድ የቤት ሥራ ሰጡን። የማናውቀውን አንድ ሙያ መርጠን፣ ባለሙያ ጠይቀን፣ በገላጭ መልክ እንድንጽፍ ነበር። የሰጡን መመሪያ አጭር ነው፦ «የማያውቀው እንዲገባው፣ የሚያውቀው እንዳይስቅበት አድርጋችሁ ጻፉ።» እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር መሰለኝ። ሁለተኛው ግማሽ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ አባቴ ከሳቀብኝ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሳቅ ውጤት ነው። በአንድ በኩል የፒክአፕ ጋቢና በከባድ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ እንዴት እንደሚገጠም ያስረዳል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ትክክለኛ መረጃ ይዤ እንዴት ስህተት እንደጻፍኩ ይናገራል። የክፍል ጓደኞቼ ሁለተኛውን ከእኔ ቢማሩት ይሻላል ብዬ አቅርቤዋለሁ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

የእናቴ ታናሽ ወንድም አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ነው የሚኖረው። ለዓመታት በዕቃ ማከማቻና በዕቃ ማድረስ ሥራ ላይ ቆይቶ አሁን የራሱን የጭነት ሥራ ለመጀመር ብር ሲያጠራቅም ነበር። የቤት ሥራው በተሰጠን ሳምንት በስልክ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ፊቱ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ባለ አራት በር ፒክአፕ ነው። ታቹ ግን ሌላ ነው፦ ትልልቅ ጎማ፣ ከፍ ያለና ወፍራም ሻንሲ፣ ከኋላ ጠፍጣፋ የጭነት አልጋ። አንድ ግለሰብ ግቢው ውስጥ የሠራው ነው። ዋጋው ደግሞ ከአዲስ መኪና ጋር ሲነጻጸር የማይታመን ነበር።

«አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? እስቲ አጣሪልኝ። ጋሼንም ጠይቂልኝ» አለኝ። ጋሼ የሚለው አባቴን ነው።

አባቴ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ጋራዥ ውስጥ በባትላሜራነት ሠርቷል። ቅጥቅጥ የምንለውን፣ በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ ቦዲ ተሠርቶለት ሰው የሚጭነውን መኪና ከሚቀጠቅጡት አንዱ ነበር። ከእሱ የቀረበ ባለሙያ ከየት ይመጣል? እኔ ግን አልጠየቅኩትም። «የአሜሪካን መኪና እሱ የት ያውቀዋል» ብዬ ኢንተርኔት ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ነው።

ያገኘሁት መረጃ

ያገኘሁት መረጃ በራሱ ስህተት አልነበረበትም። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1948 የኤፍ ተከታታይ መኪናዎቹን ሲያወጣ ከትንሿ ኤፍ-1 ፒክአፕ እስከ ትልቁ ኤፍ-8 የጭነት መኪና ድረስ በመሠረቱ አንድ ዓይነት ጋቢና ነበር የሚጠቀመው። ኤፍ-650 እና ኤፍ-750 የሚባሉት የጭነት መኪናዎቹም ከ2000 ሞዴል ጀምሮ የሱፐር ዲዩቲ ፒክአፕን ጋቢና ተሸክመዋል። ሸቭሮሌም ከናቪስታር ኩባንያ ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረጋቸው ሲልቨራዶ 4500፣ 5500 እና 6500 የፒክአፑን ጋቢና በሥራ መኪና ሻንሲ ላይ ያስቀመጡ ናቸው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የፒክአፕ ጋቢና ምቹ ነው፣ ቤተሰብ ይይዛል፣ መለዋወጫው በየቦታው ይገኛል። የጭነት መኪና ሻንሲ ደግሞ ጉልበት አለው። ሁለቱን ያጋባ ሰው ምቾትም ጉልበትም አገኘ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የፈረስ ወይም የመኪና ተጎታች የሚስቡ ሰዎችና አንዳንድ ጋራዦች ይህን በራሳቸው እጅ ይሠሩታል።

ከዚህ በመነሳት በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሥራው የፒክአፑን ጋቢና አንስቶ በከባዱ ሻንሲ ላይ በብሎን ማሰር ነው። ፋብሪካውም የሚያደርገው ስለሆነ አስተማማኝ ነው።» ለአጎቴም ይህንኑ ነገርኩት። እሱም በማግሥቱ 800 ዶላር ቀብድ ከፈለ።

የአባቴ ሳቅ

ረቂቁን ከማስረከቤ በፊት ማታ ለአባቴ አነበብኩለት። «በብሎን ማሰር ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቀ። «ባርኔጣ መሰለሽ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ የአጎቴን ጉዳይ ነገርኩት። ሳቁን አቆመ። ፎቶውን ተቀብሎ ረዘም ላለ ጊዜ አየውና «ይኼ ላዩ ነው፤ ታቹን ይላክልን» አለ።

በዚያ ሳምንት ሦስት ማታ እየተደዋወልን አባቴ ጠየቀ፣ አጎቴ መኪናው ሥር እየገባ ፎቶ አነሳ፣ እኔ ማስታወሻ ያዝኩ። የአባቴ ጥያቄዎች ስድስት ነበሩ። ቅደም ተከተላቸውን ሳልቀይር አቀርባቸዋለሁ፤ ምክንያቱም አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየጠራ ነው የመጣው።

1. ሸክሙን የያዘው ማነው?

ጭነቱ የሚያርፈው ሻንሲው ላይ ነው። ሻንሲው ወደ ባሌስትራው፣ ባሌስትራው ወደ አክስሉ፣ አክስሉ ወደ ጎማው፣ ጎማው ወደ መሬት ያስተላልፋል። ጋቢናው ከዚህ ሰንሰለት ውጭ ነው፤ ሰውና መሪ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ጋቢና መቀየር መኪናውን የበለጠ እንዲሸከም አያደርገውም፤ ትንሽ መኪናም አያደርገውም። ይህን ካልተረዳን ዓይናችን ያታልለናል። ሰው ፊቱን አይቶ «ፒክአፕ ነው» ይላል፤ መንገዱ ላይ ያለው ግን ከባድ መኪና ነው።

2. ጋቢናው ምን ላይ ተቀመጠ?

የፒክአፕ ሻንሲ ጋቢናው ሥር ሲደርስ ዝቅ ይላል፣ ጎንበስ ቀና ይላል። የጭነት መኪና ሻንሲ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ባቡር ሐዲድ ቀጥ ያለና ከፍ ያለ ነው። የጋቢናው ማሰሪያ ቀዳዳዎች ከአዲሱ ሻንሲ ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ መሸከሚያ ብረቶች በልክ ይሠሩለታል፤ በብረቱና በጋቢናው መካከል ደግሞ ወፍራም ጎሚኒ ይገባል።

ጎሚኒው ለምቾት ብቻ አይደለም። ከባድ ሻንሲ መንገድ ላይ ይጠማዘዛል፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቀኝና ግራው እኩል አይሆንም። ያ መጠማዘዝ በቀጥታ ወደ ጋቢናው ከተላለፈ የፊት መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ የቦዲው ብየዳ ይላቀቃል። አባቴ አጎቴን «አንዱን የፊት ጎማ መወጣጫ ላይ አውጣና አራቱንም በር ክፈትና ዝጋ» አለው። የኋላው ግራ በር አልዘጋም አለ።

3. ሞተሩና ካምቢዮው የት ገቡ?

የጭነት መኪና ዲዝል ሞተር ከፒክአፑ ሞተር ረጅምና ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ኮፈኑ ሥር አልበቃ ሲል ሠሪው የጋቢናውን የፊት ግድግዳ ወይም ወለሉን ይቆርጣል። ከቆረጠ በኋላ በደንብ ካልዘጋው ሙቀት፣ ድምፅና ጭስ ወደ ሰዎቹ ይገባል። ራዲያተሩም ሌላ ጣጣ ነው። ትልቅ ሞተር ትልቅ ራዲያተር ይፈልጋል፤ የፒክአፑ አፍንጫ ደግሞ ጠባብ ነው። ራዲያተሩን ያሳነሰ ሰው ሜዳ ላይ ምንም ላይታወቀው ይችላል፤ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ግን ይታወቀዋል። ዴንቨር ያለችው ደግሞ ተራራ ሥር ነው።

4. እግሩ ሥር ምን አለ?

ይህ ጥያቄ አባቴ ድምፁን የቀየረበት ነው። የፒክአፕ ፍሬን በዘይት ግፊት ይሠራል። ብዙ ከባድ የጭነት መኪናዎች ግን በአየር ፍሬን ነው የሚሠሩት። ስለዚህ የፒክአፑ ፔዳል ወጥቶ በምትኩ አየሩን የሚለቅ ቫልቭ ያለው ፔዳል መግባት አለበት። የአየር መስመሮች፣ ግፊቱን የሚያሳይ ጌጅ፣ የእጅ ፍሬኑ መቆጣጠሪያ፣ ግፊቱ ሲወርድ ሹፌሩን የሚያስጠነቅቅ መብራት ወይም ድምፅ፣ ሁሉም ጋቢናው ውስጥ ቦታ ይፈልጋሉ። መሪውም እንደዚሁ ነው፤ ዘንጉ አዲስ ቦታ ላይ ካለው የመሪ ሳጥን ጋር በክሮቼራ ሲቀጠል ማዕዘኑ ከበዛ መሪው እያነቀ ይዞራል።

አጎቴ በላከው ፎቶ ላይ ጌጁ ከዳሽቦርዱ ሥር በሽቦ ተንጠልጥሏል። የማስጠንቀቂያ ድምፅ የለም። ሻጩን ሲጠይቀው «ጌጁን እያየህ ትነዳለህ» አለው። አጎቴ ሊሠራበት ያሰበው መንገድ ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውራ ጎዳና ነው። ያ መንገድ በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል ወደ 3,400 ሜትር ከፍታ ወጥቶ ረጅም ቁልቁለት ይወርዳል። አባቴ ይህን ሲሰማ «የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ጭኖ እየወረደ ጌጅ የሚያይ ሹፌር አላየሁም፤ የሚያየው መንገዱን ነው» አለ።

5. ሻንሲው ላይ ብየዳ አለ?

ይህን ጥያቄ ለመረዳት ማስመሪያችሁን አውጡ። የፕላስቲክ ማስመሪያ በጠፍጣፋው ይዛችሁ ብትጫኑት ይጎብጣል። በጠርዙ አቁማችሁ ብትጫኑት አይበገርም። ፕላስቲኩ ያው ነው፤ ቁመቱ ነው ልዩነቱ። የከባድ መኪና ሻንሲ የሚበረታውም በዚሁ ሕግ ነው። ጎኑን ቁሞ፣ ከላይና ከታች ጠርዝ አለው፤ በጎኑ የተኛ ቦይ ይመስላል። ጭነት ሲያርፍበት የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ናቸው አብዛኛውን ጫና የሚቀበሉት፤ በሁለቱ አክስሎች መካከል አንዱ ሲጨመቅ ሌላው ይሳባል። የጎኑ መካከለኛ ክፍል ግን ያን ያህል አይጨነቅም። ስለዚህ የሻንሲ ቀዳዳ የሚበሳው ጎኑ ላይ ነው፤ ጠርዙ ላይ መብሳት የስንጥቅ መነሻ ማበጀት ነው።

ብየዳውስ? የብዙ ከባድ የጭነት መኪናዎች ሻንሲ በሙቀት ታክሞ የጠነከረ ብረት ነው። አባቴ ያስረዳኝ በቢላ ነው። አንጥረኛ አግሎ ውኃ ውስጥ የነከረው ቢላ ይጠነክራል፤ ያንኑ ቢላ እንደገና አግለሽ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ብትተዪው ይለሰልሳል። ሻንሲውም የተበየደበት አካባቢ እንዲሁ ጥንካሬውን ያጣል። አንዳንድ ሻንሲ ላይ «አትበይድ፣ ጠርዙን አትብሳ» የሚል ማስጠንቀቂያ የሚለጠፈው ለዚህ ነው።

አጎቴ በላከው ፎቶ ላይ አራቱም የጋቢና መሸከሚያዎች በላይኛው ጠርዝ ላይ ተበይደዋል። ብየዳው ያማረ ነበር፤ እኔ ሳየው «ጥሩ ሠርቷል» አልኩ። አባቴ «እሱማ በያጅ ነው፤ ሻንሲ ግን አያውቅም» አለኝ።

6. ወረቀቱ የማን ነው?

ለእኔ ትልቁ ድንጋጤ እዚህ ላይ ነው የመጣው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1981 ሞዴል ጀምሮ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ 17 ፊደላትና አሃዞች ያሉት መለያ ቁጥር አለው። ይህ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ ይታያል፤ ሻንሲው ላይም ይታተማል። መኪናው ጭነቱን ጨምሮ ሊደርስበት የሚችለውን ጠቅላላ ክብደት የሚናገረው የፋብሪካ ጽሑፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚለጠፈው ሾፌሩ በር አካባቢ ነው። ልብ በሉ፦ በሩ ያለው ጋቢናው ላይ ነው። ጋቢናው ሲነሳ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል!

አጎቴ የሾፌሩን በር ከፍቶ ያነበበው 10,000 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 45 ኩንታል ነው። ሻጩም «በፒክአፕነት ነው የተመዘገበው፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አያስፈልግህም» ብሎታል። አባቴ «የሻንሲውን ቁጥር በብሩሽ አጽድተህ አንብብልን» አለው። ዝገቱ ሲጸዳ ሌላ ቁጥር ወጣ። በመለያ ቁጥሩ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ያሉት ምልክቶች የተሽከርካሪውን ዓይነት ይገልጻሉ፤ የጭነት መኪና ከሆነ የክብደት ደረጃውም እዚያ ውስጥ አለ። ይህን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ከመላው ታሪክ ውስጥ የረባ ሥራዬ ይኼ ብቻ ነው። ሻንሲው የ7ኛ ደረጃ የጭነት መኪና ነበር። 7ኛ ደረጃ ማለት ከ26,001 እስከ 33,000 ፓውንድ፣ በእኛ ከ118 እስከ 150 ኩንታል ገደማ፣ የመኪናውን የራሱን ክብደት ጨምሮ ማለት ነው።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት ደግሞ ፋብሪካው የሰጠው ጠቅላላ ክብደት 26,001 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መኪና ለንግድ ሥራ የሚነዳ ሰው የንግድ መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። አጎቴ ያለው ተራ መንጃ ፈቃድ ነው። በሌላ አነጋገር፣ መኪናውን ገዝቶ በመጀመሪያው ቀን ጭኖ ቢወጣ፣ አየሩ ቢወርድበትና አደጋ ቢደርስ፣ ያለ ፈቃድ፣ ወረቀቱ ከሻንሲው ጋር በማይገጥም መኪና ላይ ነው የሚገኘው። ሰው ቢጎዳ ደግሞ ምን እንደሚከተል ለመገመት ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም።

ታዲያ ፋብሪካው ሲያደርገው ለምን ይሆናል?

ረቂቄ የሳተው ይህን ጥያቄ ነው። ፋብሪካው የፒክአፕን ጋቢና በከባድ ሻንሲ ላይ ሲያስቀምጥ የሚወስደው ቅርጹን ነው እንጂ ያንኑ ፒክአፕ ቆርጦ አይለጥፍም። መሸከሚያው ለዚያ ሻንሲ ታስቦ ይሠራል፤ ኮፈኑና ፓራፋንጎው ለሰፊው የፊት አክስል ይሰፋሉ፤ ራዲያተሩ ለሞተሩ ይለካል፤ ፍሬኑና ማስጠንቀቂያው ተሟልተው ይገባሉ። በሩ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍም የዚያ መኪና ነው። ማለትም ስድስቱም ጥያቄዎች መኪናው ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት ተመልሰዋል። ግቢ ውስጥ የሚሠራም ሰው እነዚህን መመለስ አይችልም ማለት አይደለም፤ አባቴም በትዕግሥት ተሠርቶ የሚሆን ሥራ ነው ይላል። ግን ጊዜ፣ ልኬትና ወረቀት ይጠይቃል። ይኼኛው ሻጭ ሦስቱንም ዘልሏቸዋል።

ስለዚህ «ፋብሪካውም ያደርገዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገሬ እውነት ነበር። «ስለሆነ አስተማማኝ ነው» የሚለው ግን ከእሱ አይወጣም። ሁለቱን ያያያዘቻቸው «ስለሆነ» የምትል አንዲት ቃል ናት። እሷን የጻፍኳት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከማንም አልሰማኋትም።

ማጠቃለያ

ከዚህ የቤት ሥራ ያገኘኋቸውን ሦስት ነገሮች ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ባለሙያው ቅርባችን ስለሆነ ብቻ አንናቀው። አባቴ አሜሪካን አያውቅም፤ ሻንሲን ግን ያውቃል፤ ሻንሲ ደግሞ የትም አገር ሻንሲ ነው። ሁለተኛ፣ ስለ አንድ ሥራ ስንጽፍ «እንዴት ይሠራል?» ብለን ብቻ አንቁም፤ «ሲበላሽ ምን ላይ ይበላሻል?» ብለን እንጠይቅ። ባለሙያ አፉ የሚፈታው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። ሦስተኛ፣ «ስለሆነ»፣ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም» የሚሉትን ቃላት ስንጽፍ ብዕራችንን አቁመን ማን እንደነገረን እናስብ።

አጎቴ መኪናውን አልገዛም። 800 ዶላሩም አልተመለሰለትም። እኔ ይቅርታ ስጠይቀው «ተይው፣ በእሱ የተረፍኩትን ማን ያውቃል» አለኝ፤ እኔ ግን ገንዘቡ በስንት ሰዓት ሥራ እንደተገኘ ስለማውቅ አልተውኩትም። ለመምህራችን ያስረከብኩት ሁለተኛውን ረቂቅ ነው፤ የመጀመሪያውንም አያይዤ ሰጠኋቸው። እሳቸውም «ስለሆነ» የሚለውን ቃል በቀይ አክብበው ከጎኑ «ማን አለ?» ብለው ጻፉበት።

አጎቴ አሁን ለንግድ መንጃ ፈቃዱ እየተማረ ነው። መኪና መፈለጉንም አላቆመም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሌላ ልኮልን ነበር፤ አምስት ፎቶ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ከሥር የተነሱ ናቸው። ጋቢናው የታየው አምስተኛው ላይ ነው።